ሕጉ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል፦ ስለ አንድ ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል

አባታችን ሲሞት ታላቅ ወንድሜ «ቤቱ የወንዶቹ ነው፤ አንቺ አግብተሽ ወጥተሻል» አለኝ። ሽማግሌዎቹም «ለእህታችሁ ትንሽ ነገር አስቡላት» ብለው ተነሡ። ሁለት ዓመት አንጀቴ እያረረ ዝም አልኩ። በኋላ ጎረቤቴ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያለውን ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ጠቆመችኝ።

የተቀበለችኝ ልጄ የምትሆን ወጣት ናት። አላቋረጠችኝም። ታሪኬን ስጨርስ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ገልጣ ወደ እኔ አዞረችውና ጣቷን አንቀጽ 837 ላይ አሳረፈች፦ የወራሹ ጾታ የውርስ መብቱን አይለውጠውም። ቀጥላ 842ን አሳየችኝ፦ የሟች ልጆች እኩል ይካፈላሉ። «እትዬ፣ እየለመኑ አይደለም፤ ድርሻዎን ነው የሚጠይቁት» አለችኝ።

መቼ እንደወጣ ጠየቅኳት። በ1952 አለችኝ። እኔ የተወለድኩት በ1960 ነው! ሕጉ ከእኔ በፊት ተጽፎ ተቀምጦ ነበር፤ የሚያነብልኝ ሰው ነው ያጣሁት። በ1987ቱ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 35 ላይ ሴቶች በውርስ እኩል መሆናቸው በግልጽ መስፈሩን አሳየችኝ።

ያን ዕለት ወደ ቤት ስመለስ ምርጫ ትዝ አለኝ። ካርዴን ይዤ ተሰልፌያለሁ፤ ሳጥኑ ውስጥ የእኔም የወንድሜም ወረቀት እኩል አንድ ድምፅ ነው። በአባቴ ሳሎን ውስጥ ግን እኔ አልቆጠርም ነበር።

የወራሽነት ማረጋገጫ ማመልከቻዬን እዚያው ጻፈችልኝ፤ አንድ ብር አልከፈልኩም። ከማስገባቷ በፊት ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝ፤ ያልገባኝን ቃል ሁሉ ቀይራ ጻፈችው።

ቅር ያሰኘኝ ቢሮው ፎቅ ላይ መሆኑ ነው። በምርኩዝ የሚሄዱ አንድ አባት ደረጃው ሥር ቆመው አየሁ፤ ሁለት ተማሪዎች ደግፈው አወጧቸው። እኚህ ሰው መብታቸውን ለመጠየቅ በሰው ትከሻ መውጣት የለባቸውም። አንዱን ክፍል ምድር ቤት ያድርጉት፤ አጥብቄ እለምናለሁ። ፎቶ ኮፒ ማሽንም የላቸውም።

የምትሄዱ ሴቶች የልደት ወይም የቀበሌ ማስረጃችሁን፣ የሟችን የሞት ምስክር ወረቀትና ኮፒዎቻቸውን ይዛችሁ በጠዋት ድረሱ። የእኔ ቀጠሮ በሚቀጥለው ወር ነው፤ ወንድሜም መጥሪያው ደርሶታል።