ለሸንገን ቪዛ የሚገዛው ርካሽ የጉዞ መድን ለጡረተኛ ይበቃል?

ቪዛውን ያስገኛል፤ ኤምባሲው የሚጠይቀው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ አስቸኳይ ሕክምናንና አስከሬን መመለስን የሚያካትት ውል ነው። ከጅማ ተነስተው ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ለሚሄዱ እናትና አባት ግን አንመክረውም። ችግሩ ነባር ሕመም ላይ ነው፦ ስኳርና ደም ግፊት ብዙ ጊዜ ከሽፋኑ ውጭ ናቸው፤ ፎርሙ ላይ መደበቅ ደግሞ ካሳውን ያስከለክላል። «ነባር ሕመም በድንገት ቢባባስ ይከፈላል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አንቀጹን ውሉ ላይ ሳታዩ አትፈርሙ። ለዚህ ሽፋን ጭማሪ ቢጠየቅ እንኳ ይክፈሉ። የዕድሜ ጣሪያውንም እዩ። የልደት ዘመን በእኛ አቆጣጠር ከተሞላ ከፓስፖርቱ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያል፤ ቅርንጫፉ ውስጥ እያላችሁ አስተካክሉት። ኢንሱሊን ከሐኪም ደብዳቤ ጋር በእጅ ሻንጣ ይያዝ፤ ጭነት ክፍል ውስጥ ሊቀዘቅዝና ሊበላሽ ይችላል።