በጀልባ ወደ ዘጌ፣ የእናቴን ጃንጥላ ይዤ

የባሕር ዳር ልጅ ሆኜ ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። ውሃ እፈራለሁ። ጣናን ከዳር ሆኖ ማየት፣ አሳውን መብላት፣ አለቀ። ሐይቁ ውስጥ ወደገባው ባሕረ ገብ መሬት፣ ወደ ዘጌ፣ የምትሄደው እናቴ ነበረች። በየዓመቱ የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረትን ልታነግሥ ነጠላዋን ለብሳ በጠዋት ትወጣና ማታ ቡና ይዛ ትመለሳለች።

አምና ታመመች። ከዳንኩ ብላ እዚያው ዘጌ ላለችው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ተሳለች። አልዳነችም። ጃንጥላውን ግን ቀድማ ገዝታው ነበር፤ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ ከነላስቲኩ ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። ካረፈች በኋላ 7 ወር ሙሉ እሱን ላለማየት ስል ልብስ ሳወጣ ቀና አልልም ነበር። ባለፈው ወር በ16 ግን ብድግ ብዬ ይዤው ወጣሁ።

እንግዲህ ስለ ጀልባው። ዋጋ የሚነግራችሁ ሰውና ጀልባውን የሚነዳው ሰው አንድ አይደሉም። አገናኙ “ሁሉም አለበት” ብሎኝ፣ ዘጌ ስንደርስ አስጎብኚ ለብቻ ነው ተባልኩ። ሳትሳፈሩ ጥርት አድርጋችሁ ተነጋገሩ። ብቻ ከመከራየት ሰው ጠብቆ መጋራት ይረክሳል። የሰጡኝ ላይፍ ጃኬት ማሰሪያው ተበጥሷል፤ አልቀበልም ስል ደህናውን ከወንበር ሥር አወጡት። መጀመሪያውኑ ለምን አልሰጡኝም? እና ደግሞ ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ሌላ ነው።

ጀልባ ነጂው ግን ሽበት የወረራቸው ሰው ናቸው። እጄ የጀልባውን ጠርዝ አንቆ ሲያዩ ሞተሩን ቀነስ አደረጉልኝ።

“ጥቁሩ ለማን ነው ልጄ?”

“ለእናቴ፣ አባባ።”

“እግዜር ያጥናሽ። ጃንጥላውስ፣ ስለትሽ ደረሰ?”

“የሷ ነው። አልደረሰም።”

ዝም አሉ። በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ልጅ በእኛ ማዕበል እንዳይገለበጥ ራቅ ብለው ዞሩና፣ “አስገቢው። ሳንሳል የተሰጠን ስንት አለ” አሉኝ። ከዚያ ስለ አሳ ወሬ ጀመሩ፤ ቀረሶ ተወደደ፣ ምን ተሻለን፣ እያሉ። እኔ ግን አልሰማቸውም፤ እዚያችው ንግግር ላይ ቀርቻለሁ። እናቴንስ ተስዬ ነው እንዴ ያገኘኋት?

መንገዱ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከወረዳችሁ በኋላ በቡና ጫካ ውስጥ በእግር ነው። ዘጌ በበሬ አይታረስም፤ የቆየ ሥርዓት ነው፣ ጫካው እስከ ዛሬ የተረፈውም አንድም ለዚህ ይመስለኛል። የሚመች ጫማ አድርጉ ብቻ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ግድግዳው በሙሉ ሥዕል ነው፣ አትቸኩሉ። እኔ በላዔ ሰብ ጋ ቆምኩ። 78 ነፍስ በልቶ በጥርኝ ውሃ የተማረው ሰውዬ። ያን ሁሉ ውሃ እየፈራሁ መጥቼ እሱ ፊት ስቆም ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ፤ አንዲት እናት ገላመጡኝ።

ጃንጥላውን የተቀበሉኝ አባት ክርስትና ስሟን ጠየቁኝ። ካረፈች ወዲህ ስሟን ጮክ ብዬ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር። “ኪዳነ ምሕረት ትቀበልሽ” አሉ፤ ስለቱ ይድረስ አይድረስ አልጠየቁኝም።

ስመለስ ጠርዙን የያዝኩት በአንድ እጄ ነው። በሌላኛው ቡና ይዣለሁ፣ ከመንገዱ ዳር ከሚሸጡት ሴቶች የገዛሁትን። ቡናው አሪፍ ነው፣ ብቻ ድንጋይ አለበትና ሳትለቅሙ እንዳትቆሉት።

ለጉዞው ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ፤ አንዱን ያስቀነሰው አገናኙ ነው። ለየካቲት 16 ሁለት ቦታ እንዲይዙልኝ ለጀልባ ነጂው ነግሬያቸዋለሁ። አንዱ ለታናሽ እህቴ ነው። እሷም ውሃ ትፈራለች።