ከልጅ እጅ ላይ ብርጭቆ አይነጠቅም

ከልጅ እጅ ላይ ብርጭቆ አይነጠቅም። የሆቴሉ ሕግ ምንም ይሁን፣ አይነጠቅም። ይህን ግምገማ ለመጻፍ የተነሳሁት በዚህ ምክንያት ነው። ምግቡ ጥሩ ነበር፤ አንዱማ ከጥሩም በላይ ነው። እሱንም እጽፋለሁ። መጀመሪያ ግን ይሄኛው ይውጣልኝ።

ቦታው ዛንዚባር ነው፤ በደሴቲቱ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ከፓጄ መንደር ብዙም የማይርቅ አንድ ሪዞርት። እኔ፣ ባለቤቴ፣ እናቴና ሁለቱ ልጆች ነበርን። የያዝነው ሃፍ ቦርድ የሚሉትን ነው። ቁርስና እራት ዋጋው ውስጥ አለ፣ መጠጥ የለም። ኦል ኢንክሉሲቭ የያዙት ደግሞ ሁሉንም አስቀድመው ከፍለዋል። ሪሴፕሽን ላይ ለእኛ ሰማያዊ የእጅ ማሰሪያ፣ ለእነሱ ብርቱካናማ አሰሩ። ለልጆቹም ጭምር። የእኔዎቹ ስጦታ መስሏቸው ደስ ብሏቸው ነበር።

እራት ላይ ከቡፌው ጫፍ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ተደርድሯል። ዝንጅብልና ሎሚ አብሮት የተጨመቀ፣ አረፋው ገና ያልጠፋ። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ከሌሎቹ ልጆች ጋር ተሰልፋ ተራዋ ሲደርስ አንድ ብርጭቆ አነሳች። አስተናጋጁ ክንዷን ቀና አድርጎ ማሰሪያውን አየ። ከዚያ ብርጭቆውን ከእጇ ወስዶ ትሪው ላይ መለሰው። «ሰማያዊ አይቻልም» አላት። ከኋላዋ የነበረው ልጅ ያንኑ ብርጭቆ አንስቶ ሄደ።

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ማሰሪያውን በሌላኛው እጇ ሸፍና መጣችና «እማዬ፣ የእኔን ቀለም ማን መረጠው?» አለችኝ። እናቴ ሹካዋን አስቀመጠች። ያን ምሽት ደግማ አላነሳችውም።

ነገሩ የገንዘብ ከሆነ ቀላል ነበር። «ጭማቂው በተጨማሪ ሂሳብ ነው፣ ላምጣላችሁ?» ብሎ እኔን ወይ ባለቤቴን መጠየቅ ይቻላል። ሂሳቡ ላይ ጽፎ ዝም ማለትም ይቻላል። መጥቼ ስናገረው ሱፐርቫይዘሩ ሕጉን አስረዳኝ። በጣም በትህትና ነው ያስረዳኝ። ግን ይቅርታ የምትለዋ ቃል ከአፉ አልወጣችም። ጭማቂውን 5 ዶላር ከፍዬ ወሰድኩላት። አልጠጣም አለች።

ዋጋ ካነሳን አይቀር ስለ ውሃውም ልናገር። እዚያ የቧንቧ ውሃ አይጠጣም፣ ሁሉም የሚጠጣው የታሸገ ነው። ሪዞርቱ ግን እራት ላይ ለምታዘው ለአንድ ጠርሙስ ውሃ 4 ዶላር ይጠይቅሃል። አምስት ሰው በዚያ ሙቀት ስንት ጠርሙስ እንደሚጨርስ አስቡት። ደሴቲቱ ራሷ ከኦክቶበር 1, 2024 ጀምሮ ከውጭ የሚመጣውን እንግዳ የግዴታ የጉዞ ኢንሹራንስ ታስከፍላለች፤ ለአንድ አዋቂ 44 ዶላር። እሱን ገና ሳንነሳ ነው የከፈልነው፣ ቀድመን ስላወቅነውም አልከፋንም። ያናደደኝ ቤተሰብ እራት ተቀምጦ ውሃ ለመጠጣት መሳቀቁ ነው።

ከዚያ በፊት ስቶን ታውን፣ የዛንዚባር ከተማ አሮጌው ክፍል፣ አድረን ስለነበር ማወዳደሬ አልቀረም። ምሽት ላይ ፎሮዳኒ የሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ የምግብ ገበያ ይሆናል። ያንኑ የሸንኮራ ጭማቂ፣ ያው ዝንጅብልና ሎሚ ያለበትን፣ ፊታችሁ እየጨመቁ በጥቂት ሺህ ሽልንግ ይሸጣሉ። ዋጋ ሳትጠይቁ አትዘዙ እንጂ፤ እንግዳ መሆናችሁን ካወቁ ዋጋው ይወጣል። ግን የሸጠልን ሰውዬ ልጄ የመጀመሪያውን ስታጋምስ ብርጭቆውን ተቀብሎ ሞላላት። ማሰሪያ አልጠየቃትም።

አሁን ከጥሩም በላይ ወዳልኩት ምግብ፣ ወደ ኦክቶፐሱ፤ ስምንት ክንድ ያለው የባሕር እንስሳ ነው።

ጠዋት ባሕሩ ሲሸሽ የምሥራቁን ዳርቻ ማየት አለባችሁ። ውሃው እጅግ ርቆ ይሄድና ከታች ያለው አሸዋና የኮራል አለት ይገለጣል። የመንደሩ ሴቶች ወጥተው ያለሙትን የባሕር አረም ይሰበስባሉ፤ ኦክቶፐስ የሚያድኑት ደግሞ ዱላ ይዘው ከአለቱ ሥር ሥር ይፈትሻሉ። ሰዓቱ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየ ስለሚሄድ ትናንት የዋኛችሁበት ሰዓት ላይ ዛሬ ግማሽ ደረቅ መሬት ልታገኙ ትችላላችሁ። ከልጆች ጋር የምትሄዱ ከሆነ የውሃውን ሰዓት ሪሴፕሽን ጠይቁ። ማጉረምረም ይቀንስላችኋል።

በማግስቱ ምሳ ላይ እናቴ ያ ዱላ ይዘው ያየቻቸው ሰዎች የሚያመጡትን መብላት እፈልጋለሁ አለች። ምሳ በትዕዛዝ ነው፣ ከሃፍ ቦርዱ ውጭ። ፕዌዛ ዋ ናዚ ይሉታል፤ ኦክቶፐስ በኮኮናት ወተት። 14 ዶላር። ውድ ነው ብዬ እያጉረመረምኩ ነው ያዘዝኩት።

ሲመጣ ዝም አልን። መረቁ በእርድ ቢጫ ሆኗል። ላይ ላዩ ወፍራም፣ ከሥር ቀጠን ያለ። ሄሉ ቀድሞ ይሸታል፣ ቁንዶ በርበሬው ዘግይቶ ይመጣል። ሥጋው ጥርስ ላይ ትንሽ ታገል ይልና ወዲያው ይለቃል። ጎማ የሚመስል ኦክቶፐስ በልቼ ስለማውቅ ይሄን አልጠበቅሁም። ወንዱ ልጄ የባሕር ነገር አፉ አያስጠጋም። መረቁ ውስጥ ቻፓቲ (ስስ ቂጣ) ነክሮ ከቀመሰ በኋላ ግን ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበው። እናቴ ሳህኑ ላይ የቀረውን በቻፓቲ ጠርጋ ጨረሰችና ያበሰለውን ሰው ጥሩልኝ አለች።

ወጥ ቤቷ መጡ። በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፣ የዚያው መንደር ሰው። እንዴት እንደሚሠራ እናቴን ከኋላ ባለው ማዕድ ቤት ወስደው አሳዩዋት፤ እኔም ለማስተርጎም ተከተልኩ። ዝቅ ያለች የእንጨት መቀመጫ አለች፤ ከፊቷ ጥርስ ያለው ብረት ወጥቶላታል። እሷ ላይ ተቀምጠው የተከፈለውን ኮኮናት ብረቱ ላይ እያሽከረከሩ ይፈቀፍቁታል። የተፈቀፈቀውን ሁለት ጊዜ ይጨምቁታል። የመጀመሪያው ወፍራም ነው፣ ለብቻው ይቀመጣል። ሁለተኛው ቀጭን ነው፣ ኦክቶፐሱ በእሱ ይንተከተካል። ኦክቶፐሱ ከዚያ በፊት ተደብድቦ፣ ውሃ ሳይጨመርበት በራሱ ፈሳሽ በስሏል። ወፍራሙ ወተት የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፣ እሳቱ ቀንሶ። በኃይል ከፈላ ይለያያል፣ መረቁም ይበላሻል። እናቴ ይህን ሁሉ በምልክት ጭምር ተረድታለች። ሁለቱ ሲነጋገሩ የእኔ ማስተርጎም ብዙም አላስፈለገም። ስንወጣ ለልጆቹ ከኮኮናቱ ቆርሰው ሰጧቸው።

እዚያ ጋ ልቤ ትንሽ ለሰለሰ። ጠዋት ደግሞ ያ የእራቱ አስተናጋጅ ራሱ ወደ ጠረጴዛችን መጥቶ ነበር። ልጅ እግር ነው፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። «ይቅርታ እህቴ፤ ሰማያዊ ያሰረ ሰው ሳይከፍል ከጠጣ ከእኔ ደሞዝ ነው የሚቆረጠው» አለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ልጄን ስሟን ጠየቃት። በእሱ ላይ የነበረኝ ቂም እዚያው ጠፋ። በቤቱ ላይ ያለው ግን ባሰብኝ። የአንድ ብርጭቆ ጭማቂ ኪሳራ ከአስተናጋጅ ደሞዝ የሚቆርጥ ሪዞርት ልጁን ከልጄ ጋር ያጣላው ራሱ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ያልጠየቀውን ይቅርታ ከሁሉም ዝቅተኛ ደሞዝ የሚያገኘው ልጅ ጠየቀን።

ሌላው ምግብ ብዙ አያስወራም። ቁርሱ የትም ሪዞርት የምታገኙት ነው፤ የቀዘቀዘ እንቁላል፣ ለስላሳ ዳቦ፣ ከካርቶን የተቀዳ ጭማቂ። ማንጎና ፓፓያ በየጓሮው ባለበት ደሴት የካርቶን ጭማቂ ለምን እንደሚቀርብ አልገባኝም። ፒላው ያወጡ ምሽት ግን ተነስቼ ደግሜያለሁ። ቀረፋውና ቅርንፉዱ ሳይፈጭ እንዳለ ነው የሚገባው፣ ሩዙ ሁሉ ይሸታል። ዛንዚባር በአንድ ወቅት ለዓለም ገበያ ከሁሉም በላይ ቅርንፉድ የምታቀርብ ነበረች፤ ዛሬም አብዛኛው ከጎረቤቷ ከፔምባ ደሴት ይመጣል። ቅርንፉዷን ከሩዙ እየለቀማችሁ ሳህን ዳር ታደርጋላችሁ እንጂ እንዳትነክሷት፤ አፍ ታደነዝዛለች።

ለማናጀሩ ጽፌያለሁ። የጠየቅሁት ሁለት ነገር ነው። ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የእጅ ማሰሪያው ይቅር፤ እራት ላይ አንድ ማሰሮ ውሃ ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ ይቅረብ። ወጪውን ክፍሉ ዋጋ ላይ ይጨምሩት፣ እከፍላለሁ። እስካሁን የመጣልኝ መልስ «አስተያየትዎን ተቀብለናል» የሚል ብቻ ነው።

ስለዚህ ሁለት ኮከብ። ሁለቱም የወጥ ቤቷ ናቸው። አካባቢው ላይ ከሆናችሁ ምሳ ሰዓት ግቡ፤ ምሳ ለውጭ ሰውም ክፍት ነው፣ ማሰሪያም አያስሯችሁም። ኦክቶፐሱን ከቻፓቲ ጋር እዘዙ። ስለሚዘገይ ልጆቹ ሳይርባቸው ሂዱ፣ ውሃችሁንም ከመንደሩ ሱቅ ገዝታችሁ ጠጥታችሁ ግቡ። አልጋ ግን ሌላ ቦታ ያዙ።