ባለሻማው የውሃ ማጣሪያ፦ ደሴ ላይ የስድስት ወር አገልግሎቱ

የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ነው። ስሙን የሚሰማ እንግዳ ውሃ ጠፍቶ የማያውቅበት ሰፈር ሊመስለው ይችላል፤ እኛ ቤት ግን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ ሲመጣም ብዙ ጊዜ ደፍርሶ ነው። ከስድስት ወር በፊት ማጣሪያ እንድገዛ ያስገደደኝም ይኸው ነበር።

ዕቃው ተራ ነው። ሁለት የፕላስቲክ ባልዲዎች ይደራረባሉ፤ ከላይኛው ባልዲ ወለል ላይ «ሻማ» የሚባሉት ሁለት ነጫጭ የሸክላ ማጣሪያዎች ተተክለዋል፤ ከታችኛው ላይ ደግሞ መቅጃ ቧንቧ ተገጥሟል። መብራትም ሆነ የውሃ ግፊት አይፈልግም። የገዛሁት ፒያሳ አካባቢ ካለ የቤት ዕቃ መደብር ሲሆን፣ ሻጩ ወጣት ሻማዎቹን አንድ በአንድ በጥፍሩ ኳ ኳ እያደረገ ስንጥቅ እንደሌለባቸው ካሳየኝ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ሲያጥቡት ሳሙና እንዳያስነኩት፤ ሸክላው ይጠጣውና ውሃው ሁሉ ሳሙና ሳሙና ይልዎታል» አለኝ። ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው መመሪያ ሁሉ የጠቀመኝ ይህ ምክር ነው።

ይሁን እንጂ ዛሬ ቢሆን ገበያ ከመውጣቴ በፊት አንድ ንጹሕ ብርጭቆ ሞልቼ መስኮት ሥር አስቀምጥ ነበር። ውሃ የሚደፈርስበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም፤ ማጣሪያውም ለሁሉም መፍትሔ አይሆንም። ወተት መስሎ የተቀዳው ውሃ ከሥር ወደ ላይ እየጠራ ሄዶ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ኩልል ካለ፣ ያደፈረሰው አየር ነው። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ በባዶው መስመር ውስጥ የቆየው አየር በግፊት ከውሃው ጋር ይዋሃዳል፤ ከቧንቧው ሲወጣ ግፊቱ ስለሚለቀው በጥቃቅን አረፋ መልክ ይለያል። አየሩ በራሱ ጉዳት የለውም። እኔ ግን ይህንን ባለማወቄ የመጀመሪያውን ሳምንት አየር ሳጣራ አሳልፌአለሁ።

ከላይ ወደ ታች እየጠራ ከብርጭቆው ሥር ዝቃጭ የሚተው ውሃ አፈር የያዘ ነው፤ ማጣሪያው ዋጋውን የሚያወጣውም እዚህ ላይ ነው። በጭቃ የደፈረሰው ውሃ በሻማው አልፎ ሲወርድ በዓይን የሚታይ ጉድፍ አይቀረውም። ችግሩ ሻማዎቹ በአራት ቀን ውስጥ ተደፍነው ውሃው ጠብ አልል ማለቱ ነበር። ጥፋቱን በዕቃው ላይ ጥዬ ልመልሰው ከተነሣሁ በኋላ፣ ውሃው ወደ ሮቶ ከመግባቱ በፊትና ከሮቶው ከወጣ በኋላ በሁለት ብርጭቆ ቀድቼ አስተያየሁት። የመጀመሪያው ጥርት ያለ ሲሆን ሁለተኛው ደፍርሷል። ሮቶውን ከፍቼ በባትሪ ስመለከት ከወለሉ ላይ የጣት ውፍረት ያለው ለስላሳ ጭቃ ተኝቷል፤ ለካ ውሃ በመጣ ቁጥር ከላይ እየወረደ ይበጠብጠው ኖሯል፣ መውጫውም ከወለሉ ጋር እኩል ስለነበረ ጭቃውን ወደ ቤት ይልክልን ነበር። ሮቶውን አራግፈን በብሩሽ ካጠብን በኋላ የቧንቧ ሠራተኛ መውጫውን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ፣ ከሥሩ ደግሞ ዝቃጭ ማስወገጃ ሳራቺኔስካ (መክፈቻና መዝጊያ) ገጠመለት። ከዚያ ወዲህ ሻማዎቹን የማጥበው በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም በለስላሳ የጥርስ ብሩሽና በንጹሕ ውሃ ብቻ።

ጠዋት መጀመሪያ የሚቀዳው ቡናማ ሆኖ ትንሽ ሲፈስ የሚጠራ ከሆነ፣ የግቢው አሮጌ የብረት ቧንቧ ዝጎ ሊሆን ይችላል። ሻማው የዝገቱን ብናኝ ይይዛል፤ እሱ ራሱ ግን ቶሎ ይቀላል። መፍትሔው ቧንቧውን በፕላስቲክ መለወጥ ነው።

ስለ ጀርም ጉዳይ ሻጮች ከሚሉት ትንሽ መቀነስ ይገባል። የጥሩ ሻማ ቀዳዳዎች ከአንድ ማይክሮን (ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) ያነሱ ስለሆኑ አብዛኛውን ባክቴሪያ ያስቀራሉ፤ ቫይረስ ግን ከዚያ እጅግ ስለሚያንስ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የተጣራውን ውሃ «ውሃ አጋር» በሚባለው የክሎሪን መድኃኒት እናክመዋለን፣ መጠኑንም ከጠርሙሱ ላይ አንብበን እንለካለን። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፤ በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ክሎሪን ኃይሉን በአፈሩ ላይ ይጨርሳል፣ ተሕዋስያኑም ከብናኙ ጀርባ ይደበቃሉ። ማፍላት የሚመርጥ ሰውም ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለች ያስብ፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ መቆየት ይኖርበታል።

ዕቃው ጉድለት አለው። መቅጃው በሁለተኛው ወር ማንጠባጠብ ጀምሮ ጎማውን ለውጬለታለሁ። አወራረዱ አዝጋሚ ስለሆነ ማታ የተሞላው ባልዲ ለጠዋት ነው የሚደርሰው፤ እንግዳ ሲበዛ አያዛልቅም። በተቃራኒው በድንገት ከፈጠነ ደስ አይበላችሁ፤ ሻማው ተሰንጥቋል ወይም ከሥሩ ያለው ብሎን ላልቷል ማለት ነው።

ኮምቦልቻ የምትኖረው እኅቴ የእኛን አይታ ልትገዛ አማከረችኝ። እሷ ቤት ውሃው ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዳ ጥርት ያለ ነው፤ ሲፈላ ግን ይነጣና ማንቆርቆሪያው ውስጥ ኖራ የመሰለ ቅርፊት ይጋግራል። ይህ በውሃው ውስጥ የሟሟ ማዕድን ነው፤ የሟሟ ነገር ደግሞ ከውሃው ጋር በሻማው ያልፋል። ገንዘቧን እንድታስቀምጥና ማንቆርቆሪያውን በሎሚ ውሃ አፍልታ እንድታጥበው ነገርኳት።