ሚዛኑ አልወርድ ብሎኝ ሳለቅስ ለደረሱልኝ የሥነ ምግብ ባለሙያ፤ ምስጋናና ጥቆማ

ረዘም ስለሚል ታገሱኝ። ክብደት ልቀንስ ብላችሁ ደፋ ቀና እያላችሁ፣ ሚዛኑ ግን ዛሬ ወርዶ ነገ የሚወጣባችሁ፣ ከዚያም ጭራሽ አልንቀሳቀስ የሚላችሁ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ይህን የምጽፈው አንዲት የሥነ ምግብ ባለሙያን ለማመስገን ነው። ስማቸውን እዚህ እንዳላወጣ ስለለመኑኝ አላወጣውም፤ በውስጥ መስመር ለጻፈልኝ ሁሉ ግን ስልካቸውን እልካለሁ። ተከፍሎኝ አይደለም፣ ዘመዴም አይደሉም። ውለታቸውን የምመልስበት ሌላ መንገድ ስለሌለኝ ነው።

እሳቸው ጋ ከመድረሴ በፊት ያየሁትን ሳልናገር ግን ማለፍ አልችልም። አንድ ቦታ ሄጄ ነበር፣ የት እንደሆነ ይቅር። ሚዛኑ የተቀመጠው ኮሪደር ላይ ነው፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ፊት። የመዘነችኝ ልጅ ኪሎዬን ወረቀት ላይ እንደመጻፍ ጠረጴዛው ጋ ለተቀመጠችው ጓደኛዋ ጮክ ብላ ነገረቻት፤ "ጨምራለች" የምትል ቃልም አከለችበት። ሰዉ ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ። ውስጥ ያገኘሁት ሰውዬ ደግሞ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል "ማታ ማታ የምትበይውን አቁሚ" አለኝ። ማታ እንደማልበላ፣ ሁሌ ጠዋት ተመዝኜ ደብተር ላይ እንደምጽፍ ነገርኩት። "ሚዛን አይዋሽም፣ የሚዋሸው ሰው ነው" ብሎ ሳቀ። በቃ፣ ምክሩ ይኸው ነው። ደብተሬን ገልጦ እንኳ አላየውም።

ቀጥሎ በስልክ ሰው አከሳለሁ የሚል አሰልጣኝ ጋ ገባሁ። ጠዋት ጠዋት ሚዛኑ ላይ ቆመን፣ ቁጥሩን ፎቶ አንስተን፣ ቡድኑ ውስጥ እንድንለጥፍ እንታዘዛለን። የቀነሰ ይጨበጨብለታል። የጨመረ ሁሉም እያየው ይወቀሳል፣ በዚያ ላይ ቀኑን ውኃ ብቻ ጠጥቶ እንዲውል ይፈረድበታል። አብሮ የሚሸጥልን ሻይ ነበረ፤ ለካ የሚያስቀምጥ ሻይ ኖሯል! በመጀመሪያው ሳምንት ከሦስት ኪሎ በላይ ወረደልኝና "እዩዋት እንግዲህ" ተብዬ ለሌላው ማሳያ ሆንኩ። ከዚያ ቆመ። ከዚያ ደግሞ የወረደው ይመለስ ጀመር። "ቁርጠኝነት ይጎድልሻል" ተባልኩ፣ ኋላም አንዲት ቃል ሳይሉኝ ከቡድኑ አስወጡኝ። ያየሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ምን ልደብቃችሁ፣ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ለሌላው ሰው ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ያደግኩት በዚህ ጉዳይ ስትሳቀቅ የኖረች እናት እያየሁ ነው። የቤታችንን ፎቶዎች ብታገላብጡ እናቴን ሙሉ ቁመቷን አታገኟትም። ወይ ከኋላ ቆማ ሰው ከልሏታል፣ ወይ አንዳችንን ታቅፋ ፊቷ ብቻ ይታያል፣ ወይ ደግሞ ካሜራውን የያዘችው እሷ ናት። "ስቀንስ እነሳለሁ" ትል ነበር። ሚዛን ላይ ስወጣ ሁሌ እሷ ትዝ ትለኛለች፤ ለዚህ ነው ነገሩ የሚከብደኝ።

ወደ ባለሙያዋ የወሰደችኝ ታላቅ እህቴ ናት። እሷ በስኳር ምክንያት ትከታተል ስለነበር "አንዴ ብቻ ሂጂና ካልወደድሽው ተዪው" ብላ ለመነችኝ። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት እሷን ደስ ይበላት ብዬ ነው።

ገና ስገባ በሩን ዘጉት። ከዚያ "ቁጥሩን ማየት ትፈልጊያለሽ ወይስ ፊትሽን ወደዚያ አዙረሽ ልመዝንሽ?" አሉኝ። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ማየት እፈልጋለሁ አልኩ። "መልካም፣ ለእኔ ግን መረጃ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም" አሉና ዝም ብለው ጻፉት።

ደብተሬን ተቀበሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት፤ ሁሉንም። ስለምግብ አንዲት ጥያቄ ሳያነሱ በፊት በስንት ሰዓት እንደምመዘን፣ ሽንት ቤት ከሄድኩ በኋላ ይሁን በፊት፣ በልብስ ይሁን ያለ ልብስ፣ እንቅልፌ እንዴት እንደሆነ፣ የሆድ ድርቀት ይኖርብኝ እንደሆን፣ ስፖርት መቼ እንደጀመርኩ፣ የምወስደው መድኃኒት ካለ ጠየቁኝ። አንዳንድ መድኃኒት በራሱ ክብደት ይጨምራል አሉኝ። የታይሮይድ እጢዬንም ሐኪም እንዲያይልኝ ለደም ምርመራ ላኩኝ፤ ውጤቱ ደህና ነበር።

አሁን የምነግራችሁን ግን ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። ሚዛኑ ላይ እንደገና አወጡኝ። ከዚያ ግማሽ ሊትር የታሸገ ውኃ ከፍተው ሰጡኝና "ጠጪው" አሉ። ጨርሼ ጠጣሁ። "አሁን ውጪ።" ግማሽ ኪሎ ጨምሬያለሁ! "እና አሁን ወፈርሽ?" ሲሉኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ በግምት 7,700 ካሎሪ ይይዛል፣ ግማሽ ኪሎ ስብ ለመጨመር ሰውነትሽ ከሚያቃጥለው በላይ ወደ 3,850 ካሎሪ ትርፍ መብላት ይኖርብሻል፣ "ትናንት ያን ያህል በልተሻል?" አሉኝ። የት በልቼው! "እንግዲያው በአንድ ሌሊት የጨመርሽው ስብ ሊሆን አይችልም።"

ከዚያ ብዙ ነገር አስረዱኝ፤ ግማሹ ገብቶኛል፣ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝን ልንገራችሁ። ሰውነታችን ከኃይል ሰጪ ምግብ የሚያገኘውን ስኳር ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ያስቀምጣል፣ አንዱ ግራም ደግሞ ወደ 3 ግራም የሚጠጋ ውኃ ይዞ ይቀመጣል። አመጋገብ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚያልቀው ይህ ነው፣ ውኃውም አብሮ ይወጣል፤ ያ የመጀመሪያ ሳምንት ጭብጨባ ባብዛኛው ለውኃ ነበር ማለት ነው። አንድ ቀን ጠገብ ብሎ ሲበላ ውኃው ይመለሳል። ጨው የበዛበት ምግብ ውኃ ይይዛል። የወር አበባ ሊመጣ ሲል ውኃ ይያዛል። አዲስ ስፖርት የጀመረ ሰው ጡንቻው ሲቆስል፣ እሱም ውኃ ይይዛል። ሆድ ያልወጣለት ሰውም የተሸከመው ሁሉ ሚዛኑ ላይ ይቆጠርበታል። በዚህ ሁሉ ምክንያት ጤነኛ ሰው ከቀን ወደ ቀን አንድ ሁለት ኪሎ ቢወጣ ቢወርድ የሚገርም አይደለም አሉኝ።

ቀጥለው ነጭ ወረቀትና ማስመሪያ አወጡ። የደብተሬን ቁጥሮች አንድ በአንድ ነጥብ አደረጓቸው። ነጥቦቹ ሽቅብ ቁልቁል ሲዘሉ አንጀቴ እርር አለ። ከዚያ የየሳምንቱን ሰባት ቁጥር ደምረው ለሰባት አካፈሉና አማካዩን በቀይ እስክሪብቶ አገናኙት። ቀዩ መስመር እየወረደ ነበር! ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ግን እየወረደ ነው።

መሃል ላይ ከሁሉም ከፍ ያለች አንዲት ነጥብ ነበረች። "ይቺን ቀን ምን ሆንሽ? አጠገቧ ያለው ጽሁፍ ተሰርዟል" አሉኝ። ኮሪደር ላይ የተመዘንኩባት ቀን ናት፤ ያ ሰውዬ ውሸታም ያለኝ ቀን። ነገርኳቸው። የወር አበባዬ መቼ እንደመጣ ጠይቀው ቀኑን ቆጠሩ፣ በማግስቱ ነው የመጣው። ጣታቸውን ነጥቧ ላይ አድርገው "ልጄ፣ ይሄ ውኃ ነው" አሉኝ። "ያን ሰሞን እንዲያውም ከሌላው ጊዜ ሁሉ የተሻለ ቀንሰሻል፤ መስመሩን እዪው።" እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። ሶፍት አቀበሉኝና እስክጨርስ ምንም ሳይሉ ጠበቁኝ። ውጪ ሰው ይጠብቃቸው ነበር፤ አላቻኮሉኝም። እኔ ስለዚህች ሴት ሌላ ምንም ባላውቅ ይህቺ ብቻ ትበቃኛለች።

አንድ ስሌት ደግሞ ነገሩኝ፣ ፍሪጄ ላይ ጽፌ ለጥፌዋለሁ። ባለሙያዎች ደህና ፍጥነት ነው የሚሉት በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ነው። በሳምንት ግማሽ ኪሎ የሚቀንስ ሰው በቀን የሚቀንሰው 70 ግራም ገደማ ነው። አንድ ሁለት ኪሎ ውኃ ሲወጣና ሲወርድ እያየ ሚዛን 70 ግራሙን ከየት አባቱ ያሳየናል? ቢያንስ ወር ጠብቂ፣ አማካይ ከአማካይ ጋር አወዳድሪ፣ ወገብሽንም በሜትር ለኪ አሉኝ። ወገቤ ሚዛኑ ቆሞ በነበረበት ጊዜ እንኳ ሲቀንስ አይቻለሁ፤ ቀበቶዬ ምስክሬ ነው።

ክፍላቸው ግድግዳ ላይ አንድ የድሮ ሥዕል አለ። ትልቅ ሚዛን ላይ በተንጠለጠለ ወንበር ተቀምጦ ማዕድ የቀረበለት ሰው። ሳንቶሪዮ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም ነው አሉኝ፣ ከ400 ዓመት በፊት የኖረ። ሠላሳ ዓመት ያህል ራሱን፣ የሚበላውን፣ የሚጠጣውንና ከሰውነቱ የሚወጣውን ሲመዝን ኖረ። ከገባው ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በሽንትም በሰገራም ሳይወጣ፣ ሳይታይ እንደሚጠፋ አገኘ። ዛሬ ደግሞ የሚቃጠለው ስብ አብዛኛው ክብደቱ በትንፋሽ እንደሚወጣ ይታወቃል አሉ። በትንፋሽ! እኔ በላብ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር፣ የስንቱን ሰው ላስቲክ ለብሶ መሮጥ አስታወሰኝ። "ሠላሳ ዓመት ሲመዘን ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን አልቅሶ አያውቅም?" ብላቸው ያኔ ግን ከልባቸው ሳቁ።

አሁን ሁሉ ነገር ውኃ ነው እያሉ የሚያጽናኑ ብቻ እንዳይመስሏችሁ። ከወራት በኋላ ቀዩ መስመር ራሱ ቀጥ አለ። እንደገና "ውኃ ነው" እንዲሉኝ እየጠበቅኩ ሄድኩ። ወረቀቱን ዘርግተው አዩትና "አይ፣ ይሄ እውነተኛ ነው፣ ቆሟል" አሉኝ፣ ልክ እንደዚያ ፊት ለፊት። የቀለለ ሰውነት የሚያቃጥለው ያንሳል፣ ሳይታወቀን እንቅስቃሴያችንም ይቀንሳል፣ ጉርሻችንም ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ መጀመሪያ ያከሳኝ ምግብ አሁን ባለሁበት የሚያቆየኝ ሆኗል ማለት ነው። ብዙ ሰው ግማሽ ዓመት አካባቢ እንዲህ ይቆማል አሉ። አልተቆጡኝም፣ አላስራቡኝም። ትንሽ አስተካከሉልኝ፣ ገንቢ ምግብ ጨመር አድርጊ፣ የእግር ጉዞውን አትተዪ አሉኝ። እስከዚያ የቀነስኩት ከክብደቴ 5 በመቶውን አልፎ ነበር፤ ከ92 ኪሎ ስትነሱ 4.6 ኪሎ ማለት ነው፣ ለዓይን ብዙም አይታይም። ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ግን ለደም ግፊትም ለስኳርም የሚታወቅ ጥቅም አለው፤ የእኔ ግፊት ወርዶ ሐኪሜ ራሱ ተገርሟል። "እዚህ ቁጥር ላይ መቆየትም ሥራ ነው" ብለውኛል፤ አምኜ ቆየሁ። ኋላ መስመሩ ቀስ ብሎ ዘንበል አለ።

እንግዲህ ለማን እንደሚሆኑና ለማን እንደማይሆኑ በግልጽ ልናገር። በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ የምትፈልጉ ከሆነ አትድከሙ፣ ይመልሷችኋል፣ ዓይኔ እያየ መልሰዋል። ከቀጠሮ ሰዓት ያዘገያሉ፤ ከእናንተ በፊት የገባውንም ሰው እንደ እኔ በእርጋታ ስለሚያዳምጡት ነው፣ ስለዚህ መጠበቅ አለ። ሁሉንም ሰው ሚዛን አያስይዙም፤ ሚዛን ሲያይ መብላት የሚያቆም ሰው ካለ ጭራሽ ከቤት አውጡት ይላሉ። እግር እያበጠ ወይም ትንፋሽ እያጠረ በጥቂት ቀን ክብደት ከጨመረ ደግሞ እኔ ጋ ሳይሆን ቶሎ ሐኪም ጋ ሂዱ ብለው አስጠንቅቀውኛል፤ ይህችን ያዙልኝ።

እኔስ እላለሁ፣ ሂዱ። በወቀሳ የተሰላቻችሁ ሂዱ፣ ራሳችሁን መጥላት የጀመራችሁ በተለይ ሂዱ። እማማ፣ ይህን እንደምታነቡት አውቃለሁ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ እጅዎ ይባረክ። ስትሄዱ የተመዘናችሁበት ማስታወሻ ካላችሁ ሳታሳምሩ እንዳለ ይዛችሁ ሂዱ፣ የምትወስዱትንም መድኃኒት ስም ጻፉት። ስልክ ማንሳት ላይ ጠዋት ይሻላሉ። "ሻይ ወይም ዱቄት ይሰጣሉ ወይ?" ብላችሁ ልትጽፉልኝ ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ ከአሁኑ ልመልስ፣ ከዚያች ግማሽ ሊትር ውኃ በቀር የሰጡኝ ነገር የለም።