የ350 ሼቪ ሞተሬን ያሳደስኩባቸው ዕቃዎች፤ የቱ ዋጋውን ያወጣል፣ የቱ አያወጣም

ጥሩ ነው መጥፎ ነው ከማለቴ በፊት ሞተሩ ምን እንደሆነና ለምን እንደፈለግኩት ልንገራችሁ፣ አለዚያ የማወራው ሁሉ ወሬ ነው የሚሆነው። መኪናዋ የ1971 ሼቪ ኖቫ ነች፣ ሞተሩ ከፋብሪካ አብሯት የወጣው 350 ስሞል ብሎክ (350 ኪዩቢክ ኢንች የሆነው ትንሹ የሼቪ ቪ8)። ያለሁት ቨርጂኒያ ነው፣ የምትወጣው ቅዳሜና እሁድ ነው፣ ክረምት ጋራዥ ትተኛለች፣ አንዳንዴ ደግሞ የሐበሻ ሰርግ ሲኖር ሙሽራ ትጭናለች (ይሄን ያስለመደብኝ ያጎቴ ልጅ ነው፣ አሁን በየሳምንቱ ስልክ ነው)። ስለዚ ድራግ ሬስ ምናምን የለም። ከመብራት ስትነሳ ወንበሩ ላይ የምትለጥፍ፣ ፎቶ እስኪነሱ ቆማ ስትጠብቅ የማትፈላ፣ ማደያ የሚሸጠውን 93 ኦክቴን ቤንዚን ያለ ኳኳታ የምትጠጣ መኪና ነው የፈለግኩት። ይሄን ሳትወስኑ ካታሎግ ከከፈታችሁ ገንዘባችሁን በደህና ግቢ በሉት።

ለ350 ዕቃ አጣሁ የሚል ሰው የለም፣ በ1967 ካማሮ ላይ ከወጣ ጀምሮ ጂኤም ስንት አመት ሙሉ ሲያመርተው የኖረ ሞተር ስለሆነ ዕቃው እንደ ጉድ ነው። ችግሩም እሱ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ሲታይ አምስት ኮከብ አለው፣ ገዝታችሁ ስትሰበስቧቸው ግን አንዱ ለ6500 አርፒኤም (ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር) የተሰራ፣ ሌላው ለ4500፣ ከዛ ሞተሩ የትም ቦታ ላይ ጉልበት የለውም። እኔ መጀመሪያ ካሙን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) መረጥኩ፣ ሌላው ሁሉ ካሙን ተከትሎ ነው የመጣው።

ፒስተን። ሲሊንደሮቹ ተበልተው ስለነበር በ30 ታውዛንድ (ታውዛንድ የኢንች አንድ ሺህኛ ነው) ሰፉ፣ 4 ኢንች የነበረው 4.030 ሆነ፣ ሞተሩም 355 ኪዩቢክ ኢንች ገባ። የገዛሁት የስፒድ ፕሮ ሃይፐርዩቴክቲክ (ሲሊኮን የበዛበት አልሙኒየም) ነው፣ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነው። ናይትረስ ወይ ተርቦ ካላሰባችሁ ፎርጅድ (ተቀጥቅጦ የተሰራው) አያስፈልጋችሁም፣ ሃይፐርዩቴክቲክ ሲሞቅ ብዙ ስለማያብጥ ከሲሊንደሩ ጋር ጠበቅ ብሎ ይገጠማል፣ ጠዋት ሲነሳ ቀጭ ቀጭ አይልም። እስካሁን እንከን አላየሁበትም።

አሁን እዚህ ጋ ልብ በሉ፣ ሪቢልደር ፒስተን የሚባል ነገር አለ፣ ርካሽ ኪት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚላከው እሱ ነው። ከፒኑ መሀል እስከ አናቱ ያለው ቁመት 1.54 ኢንች ነው፣ የኦርጅናሉ 1.56 ነው። 20 ታውዛንድ ምን ታመጣለች ትሉ ይሆናል። ሒሳቡ እንዲህ ነው፣ 64 ሲሲ ቴስታታ (ከሲሊንደሮቹ በላይ የሚቀመጠው የሞተር ራስ)፣ ተጠብቆ 41 ታውዛንድ የሚሆን ጓርኒሲዮን (መሀል የሚገባው ማሸጊያ)፣ ላዩ ፋብሪካ እንደለቀቀው ያለ ብሎክ፣ በ1.56ቱ ኮምፕሬሽኑ (ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበት ልክ) 9.6 ለ1 አካባቢ ይመጣል፣ በ1.54ቱ ወደ 9.2 ይወርዳል። በዛ ላይ የድሮውን 76 ሲሲ ቴስታታ መልሳችሁ ካሰራችሁ 8.2 ነው፣ ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥታችሁ የሚሞት ሞተር ይዛችሁ ትቀራላችሁ። የዋጋቸው ልዩነት ደግሞ ለሁለት ሰው ራት አይበቃም። ሻጩ ኮምፕሬሽን ሃይቱን (ያንን የፒስተን ቁመት) ካልጻፈ ጠይቁ፣ ካላወቀ ከሌላ ቦታ ግዙ፣ አለቀ።

ቴስታታው ላይ ብዙ ሰው አልሙኒየም ይሻላል ይለኛል፣ ቀላል ነው፣ ሙቀትም ቶሎ ይለቃል፣ ገንዘብ ካላችሁ ግዙ። እኔ ግን ቮርቴክ ነው ያልኩት፣ ከ1996 እስከ 2000 ሼቪ ፒካፖችና ቫኖች ላይ የነበረው ብረቱ፣ የካስቲንግ ቁጥሩ (ብረቱ ላይ የወጣው) በ906 ወይ በ062 የሚያልቀው። 64 ሲሲ ነው፣ አየር የሚያስገባበት መንገድ ከድሮዎቹ ጋር አይወዳደርም፣ ጂኤም ለስሞል ብሎክ ከሰራቸው የብረት ቴስታታዎች ውስጥ ለመንገድ መኪና ይሄን የሚያህል ያለ አይመስለኝም። ግን ቮርቴክ ስትገዙ ቴስታታ ብቻ እየገዛችሁ እንዳልሆነ እወቁት። ማኒፎልዱ (አየርና ቤንዚኑን ወደ ቴስታታው የሚያደርሰው) በ8 ብሎን ነው የሚታሰረው፣ የድሮው በ12 ነው፣ ስለዚ ማኒፎልድ አዲስ። የቫልቭ ክዳኑ የሚታሰረው መሀሉ ላይ ነው፣ ስለዚ ያ የምትወዱት ክሮም ክዳን ለጌጥ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሮከሩ (ቫልቩን የሚጫነው ክንድ) ራሱን የሚያስተካክለው አይነት መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ እንዳለ ሳይነካ የሚችለው የቫልቭ ሊፍት (ቫልቩ የሚከፈትበት ርቀት) 0.460 ኢንች አካባቢ ነው፣ ከዛ ካለፈ የስፕሪንጉ መያዣ የቫልቭ ጎሚኒውን ይመታዋል፣ ይሄንን ሳያነብ ትልቅ ካም ገዝቶ የሚያለቅስ ሰው ሞልቷል። ከወዳደቀ መኪና የወጣ ከሆነ ደግሞ ሳይመረመር እንዳትቀበሉ፣ የጭስ መውጫው ቫልቭ መቀመጫ አካባቢ የመሰንጠቅ አመል አለው።

ካሙ እንግዲ በዚህ ልክ ነው የተመረጠው። የኮምፕ ካምስ ኤክስኢ256፣ ሊፍቱ 0.447 እና 0.454፣ ዱሬሽኑ (ቫልቩ ክፍት የሚቆይበት ዲግሪ) በ50 ታውዛንድ ሲለካ 212 እና 218። ቴስታታው ከሚችለው በታች ነው፣ ጉልበቱን ከታች ጀምሮ ይሰጣል፣ የፍሬኑ ቫኪዩም አይጎድልም፣ ሲቆም ግን ትንሽ ግርግር የሚል ድምፅ አለው፣ ያቺን ድምፅ ደግሞ ማን ይጠላል። ከዚህ ከፍ ያለ ካም ወስዶ እንደ ሬስ መኪና እየተንቀጠቀጠ ቀይ መብራት ላይ የሚጠፋ ሞተር የሚወድ ይውደድ፣ ሙሽራ ጭኖ ግን አይሆንም።

ሊፍተር ላይ ግን ቁጭ ብለን እናውራ። ፍላት ታፔት ካም ሊፍተሩ (የካሙን ግፊት ወደ ቫልቩ የሚያሻግረው) እላዩ ላይ እየተንሸራተተ ነው የሚሰራው፣ እንዳይበላው የሚያደርገው ደግሞ ሊፍተሩ መሽከርከሩ ነው፣ ለዛ ሲባል የካሙ እብጠት ትንሽ ሰያፍ አለው፣ የሊፍተሩ ፊትም ጠፍጣፋ ይመስላል እንጂ መሀሉ በጣም ጥቂት ከፍ ያለ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ሻጭ ኦንላይን የላከልኝን 16 ሊፍተር አውጥቼ ሁለት ሁለቱን ፊት ለፊት አጋጥሜ መብራት ላይ አየሁዋቸው። ጥሩው ከሆነ ዳር ዳሩ ላይ ብርሃን ያሳያል፣ በጣት ነካ ሲያደርጉትም ይወዛወዛል። ካሉት ውስጥ ሶስቱ ድርቅ ብለው ተጣበቁ፣ ምንም ብርሃን የለም፣ አንዱማ ጭራሽ መሀሉ ጎድጎድ ያለ ነው። ይሄ ቢገጠም አይሽከረከርም፣ ካሙን በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚልጠው፣ የተላጠው ብረት ደግሞ ከዘይቱ ጋር እየዞረ አዲሱን ቤሪንግ ይበላል። ሻጩ መልሼ ስልክለት መጀመሪያ "ሳጥኑ ተከፍቷል" ብሎ ተከራከረኝ፣ ሳጥኑን ሳልከፍት እንዴት አድርጌ ላየው ኖሯል? ገንዘቡ ከብዙ ንትርክ በኋላ ተመለሰ፣ የመላኪያው ግን በኔው ቀረ። በሁለተኛው ዙር የገዛሁት ከካሙ ጋር ባንድ ኪት የሚመጣውን ነው፣ ሁሉም ብርሃን አሳይተዋል። ከየትም ግዙ ብቻ ሳታዩ እንዳትገጥሙ።

ገንዘብ ያለው ሮለር (ሊፍተሩ ጫፍ ላይ ተሽከርካሪ ያለው) ይግባ፣ እሱ የመላጥ ጣጣ የለውም፣ ግን እንደኔ ላለ አሮጌ ብሎክ የሚሆነው የሮለር ኪት የፍላት ታፔቱን ሶስት አራት እጥፍ ይጠይቃል፣ እኔ ያንን ብር ማሽን ሾፑ (ብሎኩን የሚሰራው ቶርኖ ቤት) ላይ ብከፍለው መረጥኩ።

ዘይት ላይ ደግሞ ሱፐርማርኬት ያለውን አታድርጉ። አሁን ያሉት እንደ 5ደብልዩ30 ያሉ የዘመኑ መኪና ዘይቶች የጭስ ማጣሪያውን እንዳያበላሹ ሲባል ፎስፈረሳቸው ከ800 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 800) እንዳይበልጥ ተገድቧል፣ ካሙን የሚጠብቀው ዚንክ ከሱ ጋር አብሮ ነው የቀነሰው። ለመጀመሪያው ማስነሻ ብሬክ ኢን (የአዲስ ሞተር ማለማመጃ) ተብሎ የሚሸጠውን፣ ከዛ በኋላ ቫልቮሊን ቪአር1 ነው የምጠቀመው። ከማስነሳታችሁ በፊት ዲስትሪቢውተሩን አውጥታችሁ የዘይት ፓምፑን በድሪል አዙሩት፣ ዘይት በየሮከሩ ጫፍ ሲወጣ በአይናችሁ እዩ። ሞተሩ እንደተነሳ ደግሞ ስራ ፈት ላይ እንዲቆም አትፍቀዱለት፣ ወዲያው 2000 አድርሱት፣ ከ2000 እስከ 2500 ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ 20 እስከ 30 ደቂቃ። ካሙ ላይ የሚረጨው ዘይት ከክራንኩ (ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዘንግ) ነው የሚመጣው፣ ቀስ ብሎ ሲዞር በቂ አይደርሰውም። ጎረቤት ይቆጣል፣ ይቆጣ።

ማኒፎልዱ ኤደልብሮክ ፐርፎርመር፣ የቮርቴኩ። ፐርፎርመር አርፒኤም የሚባለው ከፍ ያለው አለ፣ ሁሉም እሱን ነው የሚያነሳው፣ ግን እሱ ከ1500 እስከ 6500 ነው ስራው፣ የኔ ካም 5200 አካባቢ ላይ ስራውን ስለሚጨርስ የቀረው ለማን ነው? ካርቡሬተሩም ኤደልብሮክ 600 ሲኤፍኤም (በደቂቃ የሚያሳልፈው ኪዩቢክ ፊት አየር) ኤሌክትሪክ ቾክ። 750 ካልገዛህ ያሉኝ ሰዎች ነበሩ፣ ሒሳቡ ግን ቀላል ነው፣ ኪዩቢክ ኢንቹን በአርፒኤም አባዝታችሁ ለ3456 ማካፈል ነው፣ 355 በ5500 ሲመታ 565 ነው የሚመጣው፣ ያውም ሞተሩ መቶ በመቶ ተሞልቶ ነው፣ የመንገድ ሞተር ደግሞ እዛ አይደርስም። ሆሊ 600ም አሪፍ ነው፣ ለሬስ የሚያስተካክለው ሰው ሆሊን ቢመርጥ አልፈርድበትም፣ እኔን ግን የማረከኝ የኤደልብሮኩ ሮድ (የቤንዚኑን መጠን የሚወስነው ቀጭን ዘንግ) ነው፣ ባንድ ብሎን የተያዘች ትንሽ ክዳን አንስታችሁ ሮዱን መዛችሁ ሌላ ትከታላችሁ፣ ቤንዚን አይፈስ፣ ጓርኒሲዮን አይቀደድ። አንድ ጉድለቱ፣ የቤንዚን ግፊት ከ6.5 ፒኤስአይ ካለፈ ያጥለቀልቃል። ቮርቴክ ደግሞ ማኒፎልዱን የሚያሞቀው የጭስ መንገድ ስለሌለው ብርድ ሲሆን እስኪሞቅ ድረስ ትንሽ ታገሱት።

ሌላው ብዙ ወሬ አይፈልግም። ሰንሰለት ክሎይስ ደብል ሮለር፣ ጓርኒሲዮን ፌል ፕሮ፣ ቤሪንግ ክሌቪት፣ ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው የኮኔክቲንግ ሮድ ብሎን ኤአርፒ (አዲስ ብሎን ከገባ ሮዱ ተመልሶ ይለካ)። የዘይት ፓምፕ ሜሊንግ፣ ተራው፣ ሃይ ቮልዩሙ (ብዙ ዘይት የሚገፋው) ለኔ አይነት ሞተር ትርፉ የዲስትሪቢውተር ጥርስ ማድከም ነው፣ ግን ፓምፑን የሚያዞረው ዘንግ ፕላስቲክ አንገት ያለው ከሆነ በብረቱ ቀይሩት። የማኒፎልዱ የፊትና የኋላ ጫፍ ላይ የሚመጣውን ቡሽ ወይ ጎማ ጣሉት፣ ሲሊኮን ብቻ። ኤችኢአይ (የጂኤም ኤሌክትሮኒክ) ዲስትሪቢውተር ከገጠማችሁ የድሮው የኮይል ሽቦ ሙሉ 12 ቮልት አያሳልፍም፣ አዲስ ሽቦ ሳቡ።

ማሽን ሾፑ ከዕቃው ሁሉ በላይ ወሰደብኝ፣ አልቆጨኝም። ቶርክ ፕሌት (ቴስታታው እንደታሰረ ያህል ብሎኩን የሚይዝ ወፍራም ብረት) አስረው ነው ሲሊንደሩን ያጠሩት፣ የሌላቸው ጋ አትውሰዱ። ሲመለስ ግን በሰው ልኬት አትመኑ፣ ፕላስቲጌጅ የምትባል ሰም የመሰለች ቀጭን ክር አለች፣ ሜይን ቤሪንጉ ላይ አስተኝታችሁ ክዳኑን በቶርኩ አጥብቃችሁ ስትፈቱ ተጨፍልቃ ታገኟታላችሁ፣ ስፋቷን ወረቀቱ ላይ ካለው መስመር ጋር ማስተያየት ነው፣ የኔ ከ2 እስከ 2.5 ታውዛንድ መሀል ነበር። የላይኛው የፒስተን ሪንግ ክፍተት ደግሞ በእያንዳንዱ የሲሊንደር ስፋት ኢንች 4 ታውዛንድ ነው፣ ለኔ 16። አንድ ነገር በጽሁፍ አስፈርሙ፣ የብሎኩን ላይ እንላጨው ካሏችሁ ፊት ለፊት በተሳፋሪው በኩል ያለችውን የሞተር ቁጥር የተመታባትን ቦታ እንዳይነኳት፣ አንዴ ከተላጨች መኪናዋ ኦርጅናል ሞተር አላት ብላችሁ ማሳመን ቀረ።

ይሄን ሁሉ አንብቦ ራሱን ያመመው ካለ አዲስ የተገጣጠመ ክሬት ሞተር አለ፣ ሂሳቡን ደምሩት፣ ብዙ ጊዜ ከማሳደስ ይረክሳል፣ ዋራንቲም አለው። ብቻ አሮጌውን ብሎክ ለኮር (አሮጌውን ለሻጩ መልሶ ገንዘብ ማስመለስ) ብላችሁ እንዳትመልሱት፣ ዘይት ቀብታችሁ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ጥግ አስቀምጡት፣ መኪናዋን ነገ የሚገዛው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።