ዴልሂን ላስጎበኙን አባት ምስጋና፣ ቤተሰብ ይዛችሁ ለምትሄዱም ጥቆማ

ለሕክምናም ሆነ ለንግድ ዴልሂ የሚመላለስ ወገን ብዙ ነው። ቤተሰቡን ይዞ ከተማዋን አንድ ቀን ልይ ሲል ግን ማንን ይዞ እንደሚወጣ ይቸገራል። እኛን ያስጎበኙን በዕድሜ የገፉ፣ ከሕንድ ቱሪዝም ሚኒስቴር ፈቃድ ያላቸው አስጎብኚ ናቸው፤ ፎቶ ያለበትን መታወቂያ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነው የሚመጡት። አያትና ሕፃን አብረው ያሉበትን ቤተሰብ ሳያንገላቱ ከጠዋት እስከ ማታ ይዘው ይዞራሉ። እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ዕድሜ ይስጣቸው።

ከመነሳታቸው በፊት የሚጠይቁት ጥያቄ ብቻውን ሥራቸውን ያሳያል፦ ጉልበቱን የሚያመው አለ ወይ? ጾም ነው ወይ? ቀኑስ ምንድን ነው? ሰኞ ቀይ ምሽግ፣ የሎተስ ቤተ ጸሎትና የሂንዱዎቹ ቤተ መቅደስ አክሻርዳም ዝግ ናቸው። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ጃማ መስጂድ ለጎብኚ ይዘጋል፤ እሑድ ደግሞ የቅመም ገበያው አብዛኛው ሱቅ አይከፈትም። ስለዚህ ማክሰኞ፣ ሐሙስ ወይም ቅዳሜ ያስመርጣሉ። በአንድ ቀን ስድስት ሰባት ቦታ አሳዩን የሚላቸውን እሺ አይሉም። ቀይ ምሽግን ከውጭ አሳይተው ያልፋሉ፤ ፍተሻውና ውስጡ ያለው የእግር መንገድ የጠዋቱን ጉልበት ይጨርሰዋል። ትክክል ናቸው።

ጠዋት 1 ሰዓት ጃማ መስጂድ ይጀምራሉ። የሙጋሉ ንጉሥ ሻህ ጃሃን አስጀምሮ በ1656 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀ መስጂድ ነው፤ ግቢው ወደ 25,000 ሰው ይይዛል። ጫማ በር ላይ ይቀራል፣ የግቢው ድንጋይ ደግሞ ፀሐይ ከበረታ በኋላ እግር ያቃጥላል። ወፍራም ካልሲ ያዙ የሚሉት ለዚህ ነው። ነጠላም እንዳትረሱ፤ ቀኑን ሙሉ ይጠቅማችኋል።

ከዚያ ቻንድኒ ቾክ ነው። ዋናው ጎዳና ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ሞተር ያለው ተሽከርካሪ ስለማይገባበት ሹፌሩ ዳር ላይ ይቀርና በሰው ጉልበት በሚነዳ ሪክሾ ይኬዳል። አስጎብኚው ዋጋውን ማንም ሳይሳፈር ይጨርሳሉ፤ የመመለሻውንም ጨምረው። ተሳፍረው ከተንቀሳቀሱ በኋላ መከራከር ትርፉ ጭቅጭቅ ነው።

ለእኛ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ካሪ ባኦሊ ነው፣ የቅመም ጅምላ ገበያው። ስሙን ካወቃችሁ የቤታችሁ ቅመም ሁሉ እዚያ አለ፦ ካሎንጂ ሲሉ ጥቁር አዝሙድ፣ አጅዋይን ሲሉ ነጭ አዝሙድ፣ ሜቲ ሲሉ አብሽ፣ ሃልዲ ሲሉ እርድ ነው። ባዲ ኢላይቺ የሚሉት ትልቁ ሔል ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሲያዩት ኮረሪማ ይመስላል፤ ፍሬውን ሰብረው ሲያሸቱት ጭስ ጭስ ይላል፣ ምክንያቱም እሳት ላይ ነው የሚደርቀው። ለቅቤ ማንጠሪያ አይሆንም። እኚህ ሰው ሳይሰለቹ እየሰበሩ ያሸትታሉ፣ የተፈጨ እንዳትገዙ ይመክራሉ (በተፈጨ ቅመም ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ አይታወቅም)፣ ሚዛኑንም ቆመው ያያሉ። «ፓው» ሲሏችሁ ሩብ ኪሎ ማለታቸው ነው፤ የተጠራው ዋጋ የፓው ይሁን የኪሎ አረጋግጡ። የበርበሬው ብናኝ ሕፃናትን ስለሚያስል እዚያ ሲደርሱ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍኑላቸው፤ ገበያውም ከሃያ ደቂቃ በላይ ከልጅ ጋር አይቻልም።

የምግቡን ነገር ሰፋ አድርገን የምንጽፈው ብዙዎች ስለሚቸገሩበት ነው። ሕንድ አገር «ቬጅ» ማለት ጾም ማለት አይደለም። ቅቤ፣ እርጎ፣ አይብና ወተት ሁሉ ቬጅ ነው፤ የታሸገ ምግብ ላይ ያለው አረንጓዴ ነጥብም ወተትን አይከለክልም። የምስር ወጣቸው ዳል ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ የተነጠረ ቅቤ ይፈስበታል፤ ናን የሚሉት ዳቦም ሲቦካ እርጎ ወይም ወተት ይገባበታል። አስጎብኚያችን ወጥ ቤቱ ድረስ ገብተው «ጊ (ቅቤ) የለም፣ ዳሂ (እርጎ) የለም፣ ፓኒር (አይብ) የለም» ብለው በሂንዲ ያስረዳሉ፤ ዳሉ በዘይት እንዲቁላላ፣ በናን ፋንታ ቅቤ ያልተቀባ ሮቲ (ያልቦካ ቂጣ) እንዲመጣ ያዛሉ። ሻይም ከወተት ጋር ስለሚፈላ ጥቁሩን የሚፈልግ «ካሊ ቻይ» ይበል።

ጾም ካልሆነ ምሳ ባንግላ ሳሂብ ነው፣ የሲኮች ቤተ ጸሎት። ማዕዱ ለማንም በነፃ ነው፤ ጫማ አውልቆ፣ እግር ታጥቦ፣ ራስን ሸፍኖ፣ መሬት ላይ ተሰልፎ ይበላል። ወንዱም ራሱን ይሸፍናል። ሮቲው በሁለት እጅ ነው የሚቀበሉት፤ የወሰዱትን ማስተረፍ ነውር ነው። አዳራሹ ውስጥ የሚታደለው ካራ ፓርሻድ ዱቄት፣ ስኳርና ቅቤ እኩል ሆኖ የሚሠራ የሃይማኖታቸው ማዕድ ነው። በእምነቱ ምክንያት የማይወስድ ሰው ሁለት እጁን አገናኝቶ አንገቱን ዝቅ ካደረገ ማንም አይቀየመውም። ይህን አስቀድመው በር ላይ ስለሚነግሩ ማንም አይሸማቀቅም።

ከሰዓት በኋላ የሁማዩን መቃብር። ንጉሡ በ1556 እ.ኤ.አ. ሞቶ ሚስቱ ያሠራችለት ነው፤ አግራ ያለው ታጅ ማሃል መነሻው ይኸው ነው። ወደ ላይ የሚያወጣው ደረጃ ቀጥ ያለና ከፍታው የበዛ ስለሆነ ጉልበት የሚያመውን ጥላ ያለበት የአትክልት ስፍራ አስቀምጠው ሌላውን ይዘው ይወጣሉ።

ፀሐይ ሲበርድ ቁጥብ ሚናር ይደርሳሉ። ማማው 72.5 ሜትር ነው። ውስጡ መውጣት ክልክል ነው፤ በ1981 እ.ኤ.አ. ደረጃው ላይ በተፈጠረ መረጋገጥ 45 ሰዎች ከሞቱ ወዲህ ለሕዝብ አልተከፈተም። እዚያ ግቢ ውስጥ የዴልሂው ሱልጣን የኢልቱትሚሽ መቃብር ጋ ሲደርሱ ሴት ልጁን ራዚያን ያነሳሉ፦ ከ1236 እስከ 1240 እ.ኤ.አ. ዴልሂን የገዛች ሴት፣ ያቁት የሚባል ሐበሻ የፈረሶቿ አዛዥ አድርጋ ሾማ መኳንንቱን ያስቆጣች። ሐበሻ መሆናችንን ሲያውቁ ታሪኩን በዝርዝር ይነግራሉ፤ ልጆች ከሁሉ በላይ የሚይዙት ይህንን ነው።

ስለ ገንዘብ፦ የሁማዩን መቃብርና የቁጥብ ሚናር መግቢያ ለውጭ ዜጋ በትኬት መስኮት እያንዳንዱ 600 ሩፒ ነው፣ በስልክ ሲከፈል ትንሽ ይቀንሳል፤ ከ15 ዓመት በታች ነፃ ነው፣ ስለዚህ የልጆቹን ፓስፖርት ኮፒ ያዙ። መኪናው ለብቻው ነው የሚታሰበው። የተለመደው ውል 8 ሰዓትና 80 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከዚያ ያለፈው በሰዓትና በኪሎ ሜትር ይጨመራል፤ የማቆሚያ ክፍያም ይለያል። ጭቅጭቅ የሚነሳው ሰዓቱ ከየት እንደሚጀምር ባለመነገሩ ነው፤ አንዳንዱ መኪናው ከጋራዥ ከወጣበት ይቆጥራል። ከሆቴላችሁ በር እንዲጀምር አስጽፉ። አስጎብኚያችን ኮሚሽን ወደሚከፍል ሱቅ አይወስዱም፤ ስጦታ መግዛት የሚፈልገውን ጃንፓት መንገድ ላይ ወዳለው፣ ዋጋው ቁርጥ ወደሆነው የመንግሥት የዕደ ጥበብ መደብር ይልካሉ።

ስልካቸውን አስፈቅደናል፤ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልን። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ሥራ ስለሚበዛባቸው ቀደም ብላችሁ ያዙ። በታኅሣሥና በጥር ጠዋት ጉሙ ስለሚከብድ ዘግይተው ያስጀምራሉ፤ ያኔ ከሁለቱ የከሰዓት ቦታዎች አንዱን አስቀድማችሁ ምረጡ።